ማንበብ የማይችሉ ወገኖች ያሉበት የገጠር ጥናት ቡድን፦ ለወንድማችን ጥያቄ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብሁት። በገጠር አጥቢያ ወንጌላዊ ሆነህ ከተመደብህ ወዲህ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ቡድን እንደ ጀመርህ፣ በመጀመሪያው ሰሞን ቤቱ ሞልቶ እንደ ነበርና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሰው እየሳሳ እንደ ሄደ ጽፈሃል። ሴቶቹ አይናገሩም፤ ከግማሽ የሚበልጡት ማንበብ አይችሉም፤ ከከተማ ያመጣኸው የደቀ መዝሙርነት መጽሐፍም አልሠራም። ለትምህርት ማስተማሪያ የተመደበ ጥቂት ገንዘብ ስላለ፣ ቀለል ያለ ሌላ መጽሐፍ ላስመጣ ወይስ አስቀድሜ ፊደል ላስቆጥር ብለህ ጠይቀሃል። ሁለቱም መልካም ሐሳብ ናቸው፤ እኔ ግን አሁን ሁለቱንም አታድርግ እላለሁ። ቡድኑ የሚነሣው ማንበብ የማይችለው ሰው ታሪኩን በቃሉ ይዞ ወደ ቤቱ መሄድና ለልጆቹ መንገር ሲችል ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ይህን የምለው በወላይታ፣ በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች፣ በመጀመሪያ በመምህርነት ኋላም በአጥቢያ ጥናት አስተባባሪነት ብዙ ዓመት ስለ ኖርሁ ነው። ያንተ አጥቢያ የት እንደሆነ አልጻፍህም። የገበያ ቀንና ዕድር፣ ከብትና ደቦ ያለበት ከሆነ ብዙው ነገር ይመሳሰላል።

በመጀመሪያ ሰዎቹ ለምን እንደ ቀሩ ልንገርህ። አልሰለቹም፤ ቃሉንም አልናቁም። አፍረው ነው። ያመጣኸው መጽሐፍ “ባዶውን ቦታ ሙላ” የሚል ጥያቄ ሳይኖረው አይቀርም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲዘረጋ ቤቱ የፈተና ክፍል ይሆናል። ስምንተኛ ክፍል የደረሰው ልጅ እርሳስ ይዞ ይመልሳል፤ አባቱ፣ በቀበሌው ውስጥ ጠበኛ የሚያስታርቀው፣ በለቅሶ ቤት ቃሉ የሚደመጠው ሰው፣ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ይቀመጣል፣ ሁለት ቀን ይቀመጣል፤ በሦስተኛው ላሟ ልትወልድ ነው ብሎ ይቀራል። እናቶችማ ገና ከመነሻው “ይህ የተማሩ ሰዎች ነገር ነው” ብለው ደምድመዋል።

እነዚሁ ሰዎች ግን ማስታወስ አይቸግራቸውም። የጎሳቸውን ሐረግ ወደ ኋላ ይቆጥራሉ፤ ከብዙ ዓመት በፊት በሽምግልና የተባለውን፣ ማን እንደ ተናገረው ሳይቀር ያነሣሉ። ጥናቱን በዚህ ችሎታቸው ላይ መሥርተው። በአንድ ምሽት አንድ ታሪክ ብቻ ያዝ፤ አጭር ይሁን። ለምሳሌ በማርቆስ ምዕራፍ 4 መጨረሻ ላይ ያለውን የማዕበሉን ታሪክ ውሰድ። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ያንብበው። ሌላ ሰው እንደገና ያንብበው። ከዚያ መጽሐፉ ይዘጋና ከተቀመጡት አንዱ ታሪኩን በራሱ አንደበት ይንገር፤ የጎደለውን ሌሎች ይሙሉ፤ የተጨመረውን ያርሙ። አንድ ምሽት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆነ ወጣት ይህንኑ ታሪክ በፍጥነት ነግሮ ሲጨርስ፣ በምድጃው አጠገብ የነበሩ አንዲት አሮጊት “ትራሱን ረሳኸው፤ ጌታ ትራስ ተንተርሶ ተኝቶ ነበር” አሉት። ቤቱ በሙሉ ወደ እርሳቸው ዞረ። ከዚያ ምሽት በኋላ እኒያ እናት ዝም ብለው አያውቁም። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ቡድኑ ውስጥ እንዳለ ያወቅነው በዚያ ነው፤ ፊደል አይለዩም፣ ግን ከታሪኩ አንዲት ነገር እንድትጐድል አይፈቅዱም።

ታሪኩ ተነግሮ ካለቀ በኋላ የሚቀርበው ጥያቄ ጥቂትና ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። ጌታ ምን ሲያደርግ አየን? ሰዎቹስ ምን አደረጉ? እኔ በዚህ ሳምንት ምን ላድርግ? ለማን ልንገረው? ጥያቄው ካልተለወጠ ማንም ሰው ሊመራው ይችላል፤ ጥቅሙም ይህ ነው። አንተ ግን አትስበክ። ለወንጌላዊ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእሑድ ጉባኤ አለልህ። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ አዲስ ታሪክ ከመከፈቱ በፊት “ባለፈው ላድርግ ያልኸውን አደረግህ ወይ? ለማን ነገርህ?” ተብሎ በፍቅር ይጠየቅ። ይህን ጥያቄ የዘለለ ቡድን ብዙ ሊያውቅ ይችላል፤ ደቀ መዝሙር ግን አያፈራም።

ዘኬዎስን ባጠናን ጊዜ አንድ አባት “ምን ላድርግ” የሚለው ላይ ሲደርስ ዝም አሉ። ለሳምንታት ዝም አሉ። በኋላ፣ ባረሱ ቁጥር በጥቂት በጥቂቱ የገፉትን ድንበር ለጎረቤታቸው መልሰው፣ በሽማግሌ ፊት ምልክቱን በቀድሞ ቦታው አስተከሉ። ወላይታ ውስጥ መሬት ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው፣ ግማሽ ሄክታር ከማይሞላ ማሳ ላይ ሁለት ትልም መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። እኒህ አባት ስለ ንስሐ ብዙ ስብከት ሰምተዋል። ያንቀሳቀሳቸው ግን ታሪኩን ራሳቸው ለሚስታቸውና ለልጆቻቸው መንገራቸው ነበር፤ የመለሰውን ሰው ታሪክ እየነገሩ የወሰዱትን ይዘው መቀመጥ አልቻሉም።

ይህ መንገድ ለተማሩት ከሚሰጠው ያነሰ ነው ብለህ እንዳታስብ። የወላይታ ቤተ ክርስቲያን ራሷ በዚህ መንገድ ነው ያደገችው። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሚስዮናውያን ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1933 ነው። ጣሊያን አገሪቱን ከያዘ በኋላ በ1937 ሚስዮናውያኑ ተገድደው ሲወጡ፣ የተጠመቁት ወላይታዎች ሃምሳ እንኳ አይሞሉም ነበር። በእጃቸው የነበረው በቋንቋቸው የተተረጐመ ጥቂት የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነው፤ አብዛኞቹም አያነቡም። እንደ ዋንዳሮ ዳባሮ ያሉ መሪዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ጣሊያን ተሸንፎ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ግን ያገኙት 10 ሺህ ያህል አማኞችንና ወደ መቶ የሚጠጉ አጥቢያዎችን ነው። አንዱ የሰማውን ለአንዱ እየነገረ፣ በገበያ መንገድና በእርሻ ላይ፣ በለቅሶ ቤትና በእስር ቤት ተዳረሰ። ከእነዚያው ሰዎች መካከል ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ ዳውሮና ወደ አሪ ወንጌልን ይዘው የወጡ ነበሩ። ስለዚህ በቤትህ ውስጥ ዝም ብለው የተቀመጡትን እናቶችና አባቶች እርዳታ የሚሹ ሰዎች ብቻ አድርገህ አትመልከታቸው። ይህ ሥራ ከአንተ በፊት በእነርሱ ዓይነት ሰዎች ተሠርቷል።

ቋንቋውን አደራ። ጥናቱ በሰዎቹ አፍ መፍቻ ቋንቋ ይሁን። በአማርኛ የሚሰማ ሰው ቃሉ ገብቶት ሊሆን ይችላል፤ ሲነግረው ግን ይደናቀፋል፤ ጸሎቱም አጭር ይሆናል። በእኛ ዘንድ ሌላም ችግር ነበረ፦ ታላላቆቹ፣ ያነቡ እንደሆነ፣ የሚያነቡት በግእዝ ፊደል ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ወላይትኛን ትምህርት ቤት የተማሩት በላቲን ፊደል ነው። አባትና ልጅ በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ በአንድ መጽሐፍ ማንበብ አይችሉም። እኛ ሁለቱንም ዓይነት አስቀመጥንና አንዱን ንባብ አባት፣ ሁለተኛውን ልጅ እንዲያነብ አደረግን። እንዲያውም ሁለት ጊዜ ማንበባችን ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ሴቶቹ ደግሞ፣ ለምን አይናገሩም ከማለትህ በፊት የጥናቱን ሰዓት መርምር። ጥናቱ በማታ ከሆነ፣ ያ ሰዓት ከብት የሚታለብበት፣ እራት የሚሠራበት፣ ልጅ የሚተኛበት ነው። ዓይናቸው ምድጃው ላይ ነው፤ እንዴት ይናገሩ? በእኛ አካባቢ እናቶች እንሰት ለመፋቅ ይሰበሰባሉ፤ ሥራው ረጅም ነው፤ እጅ ይያዛል እንጂ ጆሮና አንደበት ነፃ ናቸው። ከመካከላቸው አንዷ ታሪኩን ትነግራለች፤ ሌሎቹ እየፋቁ ይመልሳሉ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ አጠገባቸው ተቀምጣ ታነባለች። ደም ይፈስሳት የነበረችውን ሴት ታሪክ በእንሰት መፋቂያው ቦታ የሰማች እናት የተናገረችውን፣ ወንዶች ባሉበት ቤት ፈጽሞ አትናገረውም ነበር። አንተ እዚያ መገኘት የለብህም። ሁለት ጠንካራ እናቶችን ለይና ታሪኩን አስቀድመህ ከእነርሱ ጋር አጥናው። በራሳቸው መካከል መናገር የለመዱ ሴቶች ከጊዜ በኋላ በጋራው ቡድንም ይናገራሉ።

ደቀ መዝሙርነት በጥናቱ ምሽት ብቻ እንዳይቀርብህ። አዲስ አማኝ የሚፈተነው ሕፃኑ በትኩሳት ሲቃጠል ባደረ ሌሊት ነው። ዘመድ ይሰበሰብና “ወደ ጠንቋዩ እንውሰደው፤ አባቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያደርጉት” ይላል። ቡድኑ በዚያው ሌሊት ካልደረሰ፣ በሳምንቱ መጥቶ መውቀስ ጭካኔ ነው። መጸለይ አለበት፤ ሲነጋም ልጁን ተሸክሞ ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ መውረድ አለበት፤ ለመድኃኒት ማዋጣትም እንዲሁ። ሰውየው እርሻው ካመለጠው ቡድኑ በደቦ ይረስለት። እንዲህ የሚያደርግ ቡድን ለጎረቤቱ ብዙ መናገር አያስፈልገውም።

መሪውን ከመንደሩ አውጣ፤ ቶሎ አውጣው። አንተ ነገ ወደ ሌላ አጥቢያ ልትዛወር ትችላለህ። መሪው ማንበብ ባይችልም ግድ የለም፤ የሚያነብለት ሰው ይመደብለት። ሕይወቱን ግን እይ፦ ለሚስቱ እንዴት ነው? ዕዳውን ይከፍላል? አረቄ ትቷል? ቡድኑም ከዐሥር ወይም ከዐሥራ ሁለት ሰው ሲያልፍ ይከፈል። ከአገራችን የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነችው የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1982 በደርግ በተዘጋች ጊዜ 5 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት፤ በየቤቱ በትንንሽ ቡድን ቆይታ በ1991 በግልጽ ስትወጣ ከ30 ሺህ በላይ ሆናለች። ትንሽ ቡድን ብዙ መሪ ይጠይቃል፤ ስለዚህም ብዙ መሪ ያፈራል። የአጥቢያህን ሽማግሌዎች ግን ከመነሻው አሳውቃቸው፤ የሚደረገውን በየጊዜው ንገራቸው፤ ካልነገርሃቸው ሌላ ቤተ ክርስቲያን እየተከልህ ይመስላቸዋል።

አበል አትክፈል። በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ። ገንዘቡን ለምሳና ለአበል አውጥተህ መሪዎችን ከተማ ላይ በማሠልጠን ብትጀምር፣ ገንዘቡ ያለቀ ዕለት ቡድኑም ያልቃል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መሪዎቹን በየሁለት ሳምንቱ ከአንዳቸው ቤት ሰብስብ፤ ያ ቤት ቡና ያፍላ፤ የሚመጡትን ሁለት ታሪኮች አብራችሁ ተማሩ። ይበቃል።

እንግዲህ በገንዘቡ፣ በቋንቋቸው የታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ለየቡድኑ ግዛ፤ እንደ እኛ ሁለት ዓይነት ፊደል ካለ ከሁለቱም። አዲስ ኪዳን በብዙ የአገራችን ቋንቋዎች በድምፅ ተቀድቷል፤ ይህን በሚሞሪ ካርድ አስገልብጠህ ስልክ ላላቸው ስጥ፤ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራ ማጫወቻ ካገኘህም ለእናቶቹ ይሁን። ከማርቆስ ወንጌል ጀምር። ፊደል ማስቆጠሩን የምታመጣው ሰዎቹ ራሳቸው “የምንነግረውን ማንበብ እንፈልጋለን” ሲሉ ነው፤ ማለታቸውም አይቀርም። ያን ጊዜ በቃላቸው ከሚያውቁት ታሪክ ጀምረህ አስተምር፤ ቃሉን አስቀድመው ስለሚያውቁት ፊደሉ ቶሎ ይገባቸዋል። በእኛ ዘንድ ለዚህ የሚመቸው መኸሩ ከገባ በኋላ፣ ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው፤ የበልግ እርሻ ከተጀመረ ግን ማንም በምሽት ነቅቶ መቀመጥ አይችልም።