የመጀመሪያ ጠመንጃ ለምትገዙ፦ ከትንሿ ጀምሩ

አሜሪካ ያለ ሀበሻ የተኩስ ስፖርት ልጀምር ሲል መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ኤአር-15 በሚባለው የወታደር መሣሪያ መሳይ ጠመንጃ ላይ ነው። ካልሆነም ክላሽ የሚመስል ነገር ይፈልጋል። አይገርምም፤ ክላሽ እያየ ያደገ ሰው ጠመንጃ ሲባል ሌላ አይታየውም። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነው፤ በ.22 ጀምሩ፤ ትንሿን ጥይት በሚተኩሰው ጠመንጃ ማለቴ ነው። ስም ጥራ ካላችሁኝም ሩገር 10/22 የሚባለውን እላለሁ።

አንደኛው ምክንያቴ ኪስ ነው። ጠመንጃ አንዴ ይገዛል፤ ጥይት ግን ሁልጊዜ ይገዛል። የ.22 ጥይት ዋጋ ከኤአር ጥይት ጋር አይወዳደርም። ሁለተኛው ትከሻችሁ ነው። የ.22 ሰደፍ አይመታም፣ ድምፁም ለስለስ ያለ ነው (የጆሮ መከላከያ ግን ግድ ነው)። ጀማሪ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ድምፁንና ምቱን እየፈራ ቃታውን ከመሳቡ በፊት ዓይኑን ይጨፍናል። ይህ ልማድ አንዴ ከገባ እሱን ለማስተው ብዙ ጥይት ይፈጃል።

10/22 ከ1964 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ጠመንጃ ነው። መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል፤ የሚጠግነውም ሰው አይጠፋም። እኔ ይበልጥ የምወደው ካዝናውን ነው። 10 ጥይት ይይዛል። ጥይቶቹ እንደ ሌላው ካዝና አንዱ ባንዱ ላይ አይደረደሩም፤ ክብ ሠርተው ነው የሚቀመጡት። ይህን የማነሣው በምክንያት ነው። እንደ 10/22 ያለ ከፊል አውቶማቲክ (ቃታው በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ) ጠመንጃ በነከሰ ቁጥር፣ ማለትም ጥይት ተቀርቅሮበት በቆመ ቁጥር፣ ሰው ጠመንጃውን ይረግማል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ካዝናው ነው። ካዝናዎቻችሁ ላይ ቁጥር ጻፉባቸው። ሁልጊዜ የሚነክሰው 2 ቁጥር ብቻ ከሆነ እሱን ጣሉት፤ ጠመንጃው ጤነኛ ነው።

.22 ግን አይከሽፍም እንዳትሉ። ጥይቱን የሚያቀጣጥለው ቅመም ያለው በቀለሁ ጠርዝ ዙሪያ ነው። ርካሽ ጥይት ላይ ጠርዙ ውስጥ እኩል ሳይዳረስ ይቀርና ጥይቱ ይከሽፋል። ቃታ ስባችሁ ዝም ካለ አፈሙዙን ከዒላማው ሳታነሡ 30 ሰከንድ ያህል ጠብቁ፤ ዘግይቶ የሚፈነዳ አለና። ጥይት በጅምላ ከመሸመታችሁ በፊትም ሦስት አራት ዓይነት በትንንሹ ገዝታችሁ ሞክሩ። ጠመንጃ ያማርጣል። ጎረቤታችሁ ያመሰገነው ጥይት የእናንተውን ሊያስነክስ ይችላል።

ማርሊን 60 የሚባል ሌላ የ.22 ጠመንጃም በየሱቁ ያገለገለ ይገኛል። ርካሽ ነው፣ ዒላማም አይስትም። ጥይቱ የሚገባው ግን ከበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ነው። ቱቦው ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት በቀላሉ አትታይም። ለጀማሪ አልመክረውም።

ጠመንጃን ባዶ ማድረግ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ካዝናው ይነቀላል። ቀጥሎ መቀባበያው ወደ ኋላ ይሳባል፤ የጎረሰው ጥይት ተፈናጥሮ ይወጣል። ከዚያ በዓይንም በጣትም ይታያል። ይህን የገለበጠ ሰው ምን ያደርጋል? ካዝናው እንዳለ ያቀባብላል። አንዷ ጥይት ስትወጣ ያያል፤ ሌላዋ በቦታዋ ስትጎርስ ግን አላየም። ከዚያ ካዝናውን ነቅሎ «ባዶ ነው» ብሎ ለጓደኛው ያቀብላል። የመጀመሪያውን ቀን ከአሠልጣኝ ጋር አሳልፉ የምለው ለዚህ ነው።

ያገለገለ 10/22 ካገኛችሁ የአፈሙዙን ጫፍ በባትሪ አብርታችሁ እዩ። የዚህ ጠመንጃ ጀርባ ዝግ ስለሆነ ሰዉ መወልወያ ዘንግ የሚያስገባው በፊት በኩል ነው። ዘንጉ ለዓመታት ጫፉን እየሞረደው ከሆነ ጥይቱ ወደፈለገው ይሄዳል። እናንተ በዘንግ ፈንታ በገመድ የሚጎተተውን ዓይነት መወልወያ ግዙ።

ከፍ ያለ ከፈለጋችሁ ኤአርም መጥፎ አይደለም። ብቻ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውን የጥይት ዓይነት አንብቡ። 5.56 ከተባለ .223 ጥይትንም ይተኩሳል። .223 ብቻ ከተባለ ግን 5.56 አታጉርሱት፤ የውስጥ ግፊቱ ከመጠን ሊያልፍ ይችላል። የክላሽን ጥይት ማለትም 7.62 በ39 የሚተኩስ ከገዛችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ብዙ የቤት ውስጥ ተኩስ መለማመጃዎች ላይ ሠራተኛው ማግኔት ይዞ ይመጣና ጥይታችሁ ላይ ያስጠጋል። የጥይቱ ጫፍ (ተተኩሶ የሚሄደው ክፍል) ከተሳበ አይተኮስም። ብረት ያለበት ጥይት ከኋላ ያለውን መከላከያ ይጎዳል፣ የእሳት ፍንጣሪም ያስነሣል። ርካሹ የክላሽ ጥይት ደግሞ በአብዛኛው እንዲህ ያለው ነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ፈቃድ ካለው ሱቅ ስትገዙ 4473 የሚባል ፎርም ትሞላላችሁ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ መግዛት ይችላል። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ እንደ አደን ፈቃድ ያሉ ጥቂት ሁኔታዎች ካልኖሩ በቀር፣ አይፈቀድለትም። የቤት ውስጥ ጥቃት ጥፋተኝነትም ቀላል ወንጀል ተብሎ የተፈረደ ቢሆን እንኳ ይከለክላል።

እኛን በተለይ የሚያሰጋን ይሉኝታ ነው። «ወረቀቴ አልተስተካከለም፤ ገንዘቡን እኔ ልስጥህ፣ በስምህ ግዛልኝ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እምቢ በሉት። ፎርሙ እውነተኛው ገዢ እናንተ መሆናችሁን ይጠይቃል፤ መዋሸት ወንጀል ነው። በ2022 የወጣው ሕግ ለሌላ ሰው ወክሎ መግዛትን እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። የመሣሪያ ወንጀል ግሪን ካርድ ያለውን ሰው ከአገር እስከማስባረርም ይደርሳል። ዘመድ ቢቀየም ይታረቃል። ጠመንጃም ሆነ ክፍሎቹን በሻንጣ ወደ አገር ቤት ልላክ የሚል ሐሳብ ካላችሁም እዚያው ይቅር፤ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ መላክ ራሱን የቻለ ከባድ ወንጀል ነው።

የስቴት ሕግም አለ። ቨርጂኒያ የተፈቀደው ሜሪላንድ ላይፈቀድ ይችላል። ዲሲ ውስጥ ጠመንጃ ፖሊስ ዘንድ መመዝገብ አለበት። ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና መሸጥ የተከለከለባቸው ስቴቶችም አሉ፤ የ10/22 ዋናው ካዝና እዚህ ላይ ከጣጣ ያድናችኋል። ቤት ስትቀይሩ ከዕቃው በፊት የምትሄዱበትን ስቴት ሕግ እዩ።

በጀት ስታወጡ የሚቆለፍ የብረት ሣጥን ቀድሞ ይግባ። ቁም ሣጥን አናት ላይ መደበቅ አይሠራም። ልጆች የማያውቁት ቦታ ቤት ውስጥ የለም። ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ። ቤታችሁ ውስጥ በከባድ ሐዘን ወይም በድብርት ላይ ያለ ሰው ካለ ግዢውን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ሣጥኑ፣ የጆሮና የዓይን መከላከያው፣ የአሠልጣኙ ክፍያና ጥይቱ ተደምሮ ከበዛባችሁ የማነጣጠሪያ መነጽሩን ሰርዙት። ተራው 10/22 የራሱ ማነጣጠሪያ አለው፤ ለመጀመሪያው ዓመት እሱ ይበቃችኋል።