ኮይል ከሚጠመጥም እጅ ምን ሙያ ይወጣል?

ጥያቄው የመጣው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጠያቂው 23 ዓመቱ ነው። በ16 ዓመቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ ሃይስኩል እዚህ ጨርሷል። ግሪን ካርድ አለው። ደብዳቤውን አሳጥሬ ላስቀድመው፦

«እትዬ፣ በአንድ የቬፕ (የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) ሱቅ ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ኮይል (ፈሳሹን አሙቆ እንፋሎት የሚያደርገውን ጥምጥም ሽቦ) የምጠመጥመው እኔ ነኝ። የእኔን ኮይል ብለው ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። አሁን ሁሉም አንዴ ተጠቅሞ የሚጥለውን ስለሚገዛ ሰዓቴ ተቀነሰ። ባለፈው አንድ ደንበኛ 0.1 ኦም (ኦም ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚገታበት መለኪያ ነው፤ ሲያንስ ባትሪው ይጨነቃል) ሥራልኝ ሲለኝ ባትሪህ አይችለውም ብዬ እምቢ አልኩት። አለቃዬ በጣም ተቆጣኝ። ኮይሌን ኦንላይን ልሽጥ? ወይስ የአክስቴ ልጅ እንደሚለኝ ኮይሉን ወደ አዲስ አበባ እየላክኩ ልሽጥ? እናቴ ነርሲንግ ተማር ትላለች። እኔ ግን ከዚህ እጅ በቀር የማውቀው የለኝም። ሃይስኩል ሒሳብ ደካማ ነበርኩ።»

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛው «እምቢ አልኩት» ላልካት ቃል ብዬ ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ። መጀመሪያ አጭር መልስ የሚበቃቸውን ልጨርስ።

ኦንላይን መሸጡን ተወው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ኦገስት ወር ጀምሮ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ቬፕን ከነመለዋወጫው እንደ ትንባሆ ምርት ይቆጣጠራል። ኮይልም መለዋወጫ ነው። ለገበያ የሚሠራው ሰው አምራች ይባላል፤ አምራች ደግሞ ከመሸጡ በፊት ማስፈቀድ አለበት። ያ ለአንድ ወጣት ኪስ የሚሆን ነገር አይደለም። ፖስታ ቤቱም ከ2021 ኦክቶበር ወዲህ ቬፕንም ሆነ መለዋወጫውን ለተራ ገዢ አያደርስም። የአዲስ አበባው ሐሳብ ከዚህም የባሰ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማምረትን፣ ለንግድ ማስገባትንና መሸጥን ከልክሏል። የአክስትህን ልጅ ሕግ ፊት እንዳታስጠይቀው።

ስለ ቬፕ ራሱ የማስበውንም አልደብቅህም። ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል። ዕድሜህን በእሱ ላይ እንድትገነባ አልመክርህም። የእጅህ ዕውቀት ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ እንዲጠፋ አልፈልግም።

አሁን ወደ «እምቢ» እንመለስ። በየቀኑ የምታደርገውን ላስታውስህ። ካንታል የሚባለውን የማሞቂያ ሽቦ፣ ውፍረቱ 26 ጌጅ የሆነውን፣ ትወስዳለህ። በ3 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ስድስት ዙር ትጠመጥማለህ። አንዱ ወደ 0.8 ኦም ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታስር 0.4 ይሆናል። ሙሉ የተሞላ ባትሪ 4.2 ቮልት ነው፤ ለኦሙ ሲካፈል ወደ 10 አምፔር (የኤሌክትሪክ ፍሰት) ይስባል። ደህና ባትሪ ይህን ያለ ችግር ይሸከማል። ያ ደንበኛ የጠየቀህ 0.1 ግን 42 አምፔር ይስባል። ቬፕ ውስጥ ከሚገባው 18650 ከሚሉት ባትሪ ጥሩ የሚባለው እንኳ ያለማቋረጥ የሚችለው ከ20 እስከ 30 ቢሆን ነው። ባትሪው ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚፈነዳው ደግሞ ፊቱ ላይ ወይም ኪሱ ውስጥ ነው።

ይህን ሁሉ በጭንቅላትህ አስልተህ፣ ገንዘብ ይዞ ለቆመ ሰው አይሆንም አልክ። ለአለቃህ ቁጣ ብለህም ሐሳብህን አልቀየርክም። እኔ ለ14 ዓመት ሥራ ፈላጊዎችን ሳማክር ኖሬያለሁ። አሠሪዎች ደጋግመው የሚያማርሩት ይህ ጠባይ ያለው ሰው ጠፋ ብለው ነው። ሽቦ መጠምጠም በወር ይለመዳል። «ይህ አደጋ ነው፣ አልሠራም» ማለት ግን ብዙዎች በ20 ዓመትም አይለምዱትም።

ለምን ይህን ያህል እንደነካኝ ልንገርህ። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ ውስጥ የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ በበዓል ዋዜማ ተቃጠለ። የሰፈር ጠጋኝ ተጠራ። ምጣዱን ገለበጠው፣ ጀሶውን ፈለፈለ፣ የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጦ ጣለ። የቀረውን ሳብ ሳብ አድርጎ መለሰው። እንጀራው ወጣ፤ እንዲያውም ከድሮው ፈጥኖ በሰለ። እናቴ መረቀችው። በወሩ ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቆረ። ቤት ውስጥ ሰው ባይኖር ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ምን እንደተፈጠረ አንተ ከእኔ በፊት ታውቀዋለህ። ሽቦው ሲያጥር ኦሙ ወረደ። 14 ኦም የነበረ ምጣድ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። የተለመደው የአገር ቤት ሶኬት የሚችለውም 16 ነው። ከሽቦው አንድ አምስተኛውን ብትቆርጥ 11.2 ኦም ይቀርሃል። ያኔ ወደ 20 አምፔር ይሄዳል። ፈጥኖ የበሰለው ለዚህ ነበር፤ ሶኬቱ የቀለጠውም ለዚሁ ነው። ጠጋኙ ክፉ ሰው አልነበረም። እጁ ጎበዝ ነበር። መለኪያ አልነበረውም እንጂ።

አየህ? የአንተ ኮይልና የእናቴ ምጣድ ሒሳባቸው አንድ ነው። ሽቦውም ዘመዳሞች ናቸው። ሌላውን የማሞቂያ ሽቦ፣ ኒክሮምን፣ አልበርት ማርሽ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1906 ፓተንት አስወጣበት። የዳቦ መጥበሻውና የፀጉር ማድረቂያው ከዚያ በኋላ መጡ። ካንታል በ1930ዎቹ መጀመሪያ ስዊድን ውስጥ፣ ሃልስታሃመር ከምትባል ከተማ ወጣ። የሸክላ ሠሪዎች የኤሌክትሪክ ምድጃ ዛሬም የሚግለው በእሱ ነው። አንዴ በደንብ ግሎ የቀዘቀዘ ካንታል እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ እንደሚል፣ ኒክሮም ግን እንደሚታጠፍ በጣትህ ታውቃለህ። የትኛው ማግኔት እንደሚይዘውም ታውቃለህ። ይህን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ አያውቀውም።

እንግዲህ መንገዱ። የእኔ ምክር የኤሌክትሪሺያን አፕረንቲስሺፕ ነው፤ እየሠሩ የሚማሩበት ሥልጠና ማለት ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር አለ፤ አይቢኢደብልዩ ሎካል 26 ይባላል። ቢሮው ላንሃም ሜሪላንድ ነው፤ ለአንተ ቅርብ ነው። ከአሠሪዎች ጋር ሆኖ የሚያስተምረው ፕሮግራም አምስት ዓመት ይወስዳል። ቀን ከባለሙያ ጋር ትሠራለህ፣ በተመደበልህ ጊዜ ክፍል ገብተህ ትማራለህ። ደመወዝ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለህ፤ ደረጃህ ከፍ ሲል እሱም ከፍ ይላል። ለትምህርቱ ብለህ በትልቅ ብድር አትዘፈቅም። ነርሲንግን አላጣጥልም፤ ለሚወደው ሰው የተከበረ ሥራ ነው። አንተ ግን በደብዳቤህ ውስጥ አንዲት ጊዜ እንኳ እፈልገዋለሁ አላልክም።

ለመግባት የመግቢያ ፈተና አለ። አልጀብራና አንብቦ መረዳት ነው። «ሒሳብ ደካማ ነኝ» ያልከውን አልቀበልህም። ቮልትን ለኦም አካፍሎ አምፔር የሚያወጣ ሰው አልጀብራ እየሠራ ነው፤ ስሙን አልነገሩትም እንጂ። የጎደለህ ልምምድ ነው። ለሦስት ወር በየቀኑ 40 ደቂቃ ስጠው። ላይብረሪ ሄደህ የፈተና መለማመጃ ጠይቅ፤ በነፃ ይሰጡሃል። የሃይስኩል ትራንስክሪፕትህንም ዛሬውኑ አስወጣ፤ አልጀብራ ማለፍህን ያዩበታል። እንግሊዝኛው ከከበደህ ከአልጀብራው ይልቅ ለንባቡ ሰዓት ጨምርለት። የብዙ ልጆቻችንን እግር የሚያሰናክለው እሱ ነው።

ወዲያው ካልተቀበሉህ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ጥገና ሁለተኛው በር ነው። እዚህ አካባቢ ያሉ አፓርትመንቶች በክረምት ሲበርዳቸው ከሂት ፓምፑ (ቤቱን ከሚያሞቀውና ከሚያቀዘቅዘው መሣሪያ) ጋር የሚያግዝ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳል። ክፈተውና እየው፤ ያው የምታውቀው ጥምጥም ሽቦ ነው፣ ተልቆ እንጂ። ለማቀዝቀዣው ጋዝ ሥራ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የኢፒኤ 608 ፈቃድ ያስፈልግሃል። ሞንትጎመሪ ኮሌጅም የሙያውን ኮርስ ይሰጣል።

ሬዙሜ ላይ ቬፕ ሱቅ መሥራትህን አትደብቅ። አትፈርበትም። ግን «ሻጭ» ብለህ አትለፈው። ረዚስታንስን (ኦሙን) በመለኪያ መሣሪያ እንደምትለካ፣ የባትሪን ጭነት እንደምታሰላ፣ ለደንበኛ ስለ አደጋው እንደምታስረዳ ጻፍ። ኢንተርቪው ላይ «ከአለቃህ ጋር ያልተስማማህበት ጊዜ አለ?» ካሉህ ያንን 0.1 ኦም ንገራቸው። አለቃህን ሳታማ፣ ቁጥሩን ብቻ ንገራቸው።

እናትህን በተመለከተ፣ «ኤሌክትሪሺያን» ስትላቸው ምናልባት ፖል ላይ የሚወጣ ሰው ይሆናል የሚታያቸው። ልጃቸው እንዳይወድቅባቸው ነው ፍርሃታቸው። ስለዚህ አትከራከራቸው። የፕሮግራሙን ወረቀት አምጥተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላቸው። አምስት ዓመት፣ ከመጀመሪያው ቀን ደመወዝ፣ ኢንሹራንስ፣ መጨረሻ ላይ ፈቃድ። በአማርኛ አንብብላቸው። ቢፈልጉ እኔም እደውልላቸዋለሁ።

በደብዳቤህ መጨረሻ እናትህ ከአዲስ አበባ ያመጡት ምጣድ ሶኬቱ አልገጥም ብሎ ጋራዥ ውስጥ እንደተቀመጠ ጽፈህልኛል። ከዚህ ቤት ኤሌክትሪክ ጋር እንዳታገናኘው፤ ያ ፈቃድ ያለው ሰው ሥራ ነው፣ አንድ ቀን ምናልባት የአንተ። ዛሬ ግን ምንም ሳትሰካው ሁለቱን ጫፎች በመልቲሜትርህ ለካ። ስንት ኦም አወጣ? በ220 ስንት አምፔር ይስባል፣ እዚህ ለልብስ ማድረቂያ በሚዘረጋው 240 ቮልትስ ስንት? ዋቱ በስንት ይጨምራል? አስልተህ ጻፍልኝ። ቀጥለን ስለ ማመልከቻው እናወራለን።