ስለ ጫትና አንጎል ለቀረበው ጥያቄ መልስ

ባሕር ዳር የሚማረው ታናሽ ወንድምዎ ለፈተና ሲያጠና ጫት መቃም መጀመሩን ገልጸው፣ «ቅጠል ስለሆነ አንጎልን አይጎዳም» ማለቱ እውነት እንደሆነ ጠይቀዋል። ቅጠል መሆኑ ብቻውን ደኅንነቱን አያረጋግጥም። በ1975 እ.ኤ.አ. በተባበሩት መንግሥታት ቤተ ሙከራ ተለይቶ የታወቀው የጫት ንጥረ ነገር ካቲኖን በአሠራሩ አምፌታሚን ከተባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር የሚቀራረብ ሲሆን፣ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለው የደስታና የንቃት ስሜት የሚሰጥ ኬሚካል እንዲለቀቅ በማድረግ ድካምንና ረሃብን ያስረሳል፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትንም ይጨምራል። ቅጠሉ ሲጠወልግ ይኸው ንጥረ ነገር ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው ቃሚዎች እርጥቡን አጥብቀው የሚፈልጉት።

ስለ ጫትና ጭንቀት የተደረጉ ብዙዎቹ ጥናቶች ሰዎችን አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቁ መጠይቆች በመሆናቸው፣ ጫቱ ጭንቀትን አመጣ ወይስ የተጨነቀው ሰው ወደ ጫት ሄደ የሚለውን ለመለየት ያስቸግራሉ፤ ይህን ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ እንቅልፉ ነው። ሌሊቱን በምርቃና ያሳለፈ ተማሪ ያነበበውን አንጎሉ በእንቅልፍ ጊዜ የሚያጸናበትን ዕድል ያጣል፤ ምርቃናውን ለመስበር በጨብሲ ስም መጠጥ ከጨመረበት ደግሞ ጉዳቱ ይደራረባል። ስለዚህ ሳይቆጡ ስለ እንቅልፉ ይጠይቁት፤ ሌላው የማይሰማው ድምፅ እሰማለሁ ወይም ሰዎች ይከታተሉኛል ካለ ግን ሳይዘገዩ ወደ አእምሮ ሐኪም ይውሰዱት።