«ክፍያው ትንሽ ነው፣ ሥራው ግን ይስበኛል»

ጥያቄ፦ እንደምን ከረሙ እትዬ። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቄያለሁ። አንድ የውጭ በጎ አድራጎት ድርጅት ሴቶችን በኢኮኖሚ ለማብቃት በሚሠራው ፕሮጀክት ውስጥ ለስድስት ወር ኢንተርን እንድሆን ጠርቶኛል። የሚሰጡኝ ገንዘብ ከትራንስፖርትና ከምሳ ብዙም አያልፍም። እናቴ «አቦ፣ ባንክ ተወዳደሪ! በነፃ ልትሠሪ ነው የተማርሽው?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ስድስት ወር ሙሉ ፎቶ ኮፒ ሳነሳ እንዳልከርም እፈራለሁ። ምን ይመክሩኛል? (ከሳቢያን)

መልስ፦ በመጀመሪያ እናትሽ እውነት አላቸው። ቤቱ ያንቺን ደሞዝ የሚጠብቅ ከሆነ ይቅርብሽ፣ ባንኩን ተወዳደሪ። እንዲህ ያለ ዕድል ቤተሰቡ የሚደግፈው ልጅ ብቻ የሚደርስበት መሆኑ በጣም ያናድደኛል፤ ለሴቶች ገቢ የሚሟገት ድርጅት የራሱን ኢንተርን በደንብ መክፈል አለበት።

ስድስት ወር መቻል የምትችሉ ከሆነ ግን ግቢ እላለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ይህን ጠይቂያቸው፦ በሳምንት ስንት ቀን ሴቶቹ ጋ እወጣለሁ? «ሪፖርት ታጠናቅሪያለሽ» ብቻ ካሉሽ የፈራሽው ፎቶ ኮፒ ያ ነው። የቅርብ ኃላፊሽ ማን እንደሆነ፣ የመስክ ትራንስፖርት ማን እንደሚከፍል፣ ስትጨርሺ የሥራ ልምድ ደብዳቤ እንደሚሰጡሽ፣ ሥራ ካገኘሽ መሀል ላይ መልቀቅ ትችይ እንደሆነም በጽሑፍ ይስጡሽ። ባንኩንም ጎን ለጎን ማመልከት ትችያለሽ።

መስክ ከወጣሽ ብዙ ጊዜ የምታገኚው የቁጠባና ብድር ቡድን ነው። አሠራሩን ኬር የተባለው የዕርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ጀመረው፣ ከዚያ ብዙ አገር ገባ። ከ15 እስከ 25 የሚሆኑ ሴቶች ይሰበሰባሉ፣ በየስብሰባው እንደ አቅማቸው ድርሻ ይገዛሉ፣ ብሩ በሁሉም ፊት ተቆጥሮ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ሦስት ቁልፍ አለው፣ ቁልፎቹ በሦስት ሴቶች እጅ ናቸው፣ ሣጥኑን የምታስቀምጠው ደግሞ ሌላ ሴት ናት። ዕቁብ ላይ ተራሽ ሲደርስ በዙሩ በሙሉ የምታዋጪውን ያህል ትወስጃለሽ፤ እዚህ ግን ገንዘቡ ለአባላቱ በወለድ ይበደራል፣ ዓመቱ ሲያልቅ ከነትርፉ በድርሻ ይከፋፈላል። ለሕመም ወይም ለሐዘን የሚሆን ትንሽ መዋጮም ለብቻው ይያዛል። አፎሻ (እንደ ዕድር ያለ የመረዳጃ ማኅበር) ላይ ያደገች የኛ አገር ሴት ይህን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልጋትም፣ እንዲያውም አንቺን ታስተምርሻለች።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቀፊራ ገበያ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ጠዋት ከእቃዋ አትነሳም። ስብሰባውን ለቢሮው እንዲመች ጠዋት ሦስት ሰዓት ከጠራሽው የሚመጣው ገበያ የሌለው ሰው ነው፤ ያኔ የተሰብሳቢው ቁጥር ይሞላል፣ ፕሮጀክቱ የተነደፈላት ሴት ግን የለችም። ሰዓቱን እነሱ ይወስኑ። ከአማርኛ፣ ከኦሮምኛና ከሶማሊኛ ሁለቱን ወይም ሦስቱንም የምትችይ ከሆነ ደግሞ ሲቪሽ ላይ አናት ላይ ጻፊው፣ ከዲግሪሽ እኩል ይሠራልሻል።

ሌላው፣ ብድሩ በሴትየዋ ስም ወጥቶ ማን እጅ እንደገባ ማየት ነው። ይህን በሰው ፊት አትጠይቂያት፣ ለብቻዋ ስትሆን አዋሪያት። ከመሄድሽ በፊትም በ1992 ዓ.ም. የወጣውን የተሻሻለውን የቤተሰብ ሕግ አንብቢ፣ ድሬዳዋ ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ስለሆነች እዚህ የሚሠራው እሱ ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባል የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ነበር፣ ሚስቱ የምትሠራውን ሥራም መቃወም ይችል ነበር። አዲሱ ሕግ ይህን አስቀርቶ የጋራ ሀብታቸውን ሁለቱም እኩል እንዲያስተዳድሩ አደረገ። ይህን ያልሰማች ሴት ዛሬም ብዙ ናት፣ ስለዚህ አንቺ በደንብ ልታውቂው ይገባል።

ለእናትሽ ደግሞ ጥሪውን አንብቢላቸው፣ የስድስት ወሩን ወጪም አብራችሁ አስሉት። ሲገባቸው ይለሳለሳሉ ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ሐረር ነኝ፣ ወንድ ነኝ። እንዲህ ያለ የሴቶች ፕሮጀክት ላይ ማመልከት እችላለሁ ወይስ ልፋት ነው?

መልስ፦ ማስታወቂያው «ሴቶች ብቻ» ካላለ ትችላለህ፤ «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ማለት አንተን አይከለክልም። ሴቶቹ ባንተ ፊት የማያወጡት ነገር እንዳለ ግን እወቅ፣ እሱን ለሴት ባልደረባህ ተውላት። አንተ ባሎቹ ጋ ሂድ። ከሰዓት በኋላ ጫት በሚቃምበት በርጫ ላይ ታገኛቸዋለህ፣ ሚስቶቻቸው ስለሚቆጥቡት ብር ምን እንደሚያስቡ ከእነሱ ከራሳቸው ስማ። ቃለ መጠይቅ ላይ «ወንድ ሆነህ ምን ትሠራለህ?» ሲሉህም ይህንኑ ንገራቸው።