ፖርቹጋልኛን በሊዝበንና በፖርቶ የሰኔ በዓላት ሰሞን መማር፦ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ዛሬ ማታ ጠይቁ። የምመልሰው ስለ ፖርቹጋል ፖርቹጋልኛ ነው፤ በተለይ ለጁን በዓላት ሄዶ ስለ መማር። ሊዝበን ሳንቱ አንቶኒዩን ጁን 12 ለ13 አጥቢያ ታከብራለች፣ ፖርቶ ሳው ዥዋውን ጁን 23 ለ24 አጥቢያ። በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 5 ለ6 እና ሰኔ 16 ለ17 መሆኑ ነው። የቪዛ ጥያቄ አልመልስም። «በስንት ወር እለምዳለሁ?» የሚለውንም አልመልስም።

ባለ ሻንጣ፦ ጋሼ፣ ለሳንቱ አንቶኒዩ ሌሊት ሦስት ቀን ብቻ ሊዝበን ብከርም ለቋንቋው ይጠቅመኛል?

መላሽ፦ ለጭፈራው ይጠቅምሃል፣ ለቋንቋው አይጠቅምህም። በዚያ ሌሊት አልፋማ በተባለው የሊዝበን ሰፈር ውስጥ ከየበሩ ድምፅ ማጉያ ይጮሃል፣ መንገዱ በሰው ይጠቀጠቃል፣ አጠገብህ ያለው በአማርኛ ቢያወራህ እንኳ አትሰማውም። ቋንቋው ያለው ከበዓሉ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ነው። በሜይ መጨረሻ ግባ። የወረቀት ጌጥ ሲሰቀል፣ ጠረጴዛ ወደ ደጅ ሲወጣ፣ የሰርዲን መጥበሻው ቦታ ሲመረጥ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን እየጠራ ያወራል፣ ይጨቃጨቃል፣ ያንኑ ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ይደግመዋል። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል?

የምትገባበት በር ኩሌቲቪዳድ ነው፤ የሰፈር ማኅበር ማለት ነው፣ ዕድርና የስፖርት ክበብ ቢጋቡ የሚወልዱት ዓይነት። ብዙዎቹ ቡና መሸጫ አላቸው። ጁን 12 ማታ በአቬኒዳ ዳ ሊበርዳዴ ለሚወርደው የሰፈሮች የሰልፍ ውድድር፣ ለማርሸሽ፣ ቡድን የሚያዘጋጁትም እነሱ ናቸው። ውድድሩ ከ1932 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ወደ አንድ ቤት ሂድ፣ አንድ ቦታ ተቀመጥ። ቤት እያማረጥክ ከዞርክ ግን ሁሌ «እንደምን ዋልክ» ላይ ትቀራለህ፤ በአራተኛው ቀን የሚጠየቀውን ሁለተኛ ጥያቄ የሚጠይቅህ አታገኝም።

ጀማሪዋ፦ መጽሐፉ ላይ ያለውና ጆሮዬ የሚሰማው ጭራሽ አይገናኝም። አናባቢውን ሁሉ ይውጡታል። ምን ይሻለኛል?

መላሽ፦ ይሄን ነበር የምጠብቀው። አይውጡትም፤ ሳድስ ያደርጉታል። ሳድስ ደግሞ ከእኛ ወዲያ ማን ያውቀዋል? ጫና (ድምፅ ጠንከር የሚልበት ክፍለ ቃል) በሌለበት ቦታ «ኤ» ተብሎ የተጻፈው ሳድስ ይሆናል፣ «አ» የተባለው ወደ ግዕዙ ይጠጋል፣ «ኦ» የተባለው ካዕብ ይሆናል። ስለዚህ በላቲን የተጻፈውን ተዪና የሰማሽውን በፊደል ጻፊ። ስልክ በላቲኑ «ቴሌፎኔ» ነው፤ የሚባለው «ትልፎን»። ትንሽ ለማለት «ፔኬኖ» ይጻፋል፣ «ፕኬኑ» ይባላል። ሰርዲኑ «ሰርዲኘ» ነው። «ኘ»ን የሚያህል ድምፅ ፍለጋ ሌላው ሲለፋ አንቺ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አለሽ። «ይቅርታ» ድሽኩልፕ ነው፤ መጨረሻው ላይ አፍሽን አትክፈቺ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንድ ደቂቃ ቅጂ ውሰጂ፣ ጽሑፉን ሳታዪ በፊደል ገልብጪው፣ ጫናው ያለበትን ፊደል አስምሪበት፣ ከዚያ ብቻ ላቲኑን አስተያዪ። በቀን አንድ ደቂቃ ይበቃል። ላቲኑን አስቀድመሽ ካየሽ ዓይንሽ ጆሮሽን ያታልለዋል፤ ያልተባለ አናባቢ ትሰሚያለሽ።

ፊደል የሚከዳሽ ሦስት ቦታ አለ። አንደኛ፣ በአፍንጫ የሚወጣው ድምፅ። ዳቦና ዱላ ሁለቱም በፊደል «ፓው» ሊመስሉ ይችላሉ፤ ዳቦው ግን በአፍንጫ ነው። ዳቦ ጠይቀሽ ሻጩ ፈገግ ካለ ዱላ ጠይቀሻል ማለት ነው፣ ዱላው ደግሞ የብልግና ትርጉም አለው። ከላዩ ሰረዝ አድርጊና ለይው። ሁለተኛ፣ «ኦ» ጠባብና ሰፊ አለው፤ አያትየው «ኧቮ» በጠባቡ፣ አያቲቱ በሰፊው። የእኛ ሳብዕ ጠባቡ ነውና ሴቷንም ወንድ እናደርጋታለን። ሦስተኛ፣ ጵ፣ ጥ፣ ቅ የሏቸውም፤ ፕ፣ ት፣ ክ ሲሉም ትንፋሽ አያወጡም። መዳፍሽን ከአፍሽ ፊት አድርገሽ ሞክሪው።

የሪዮ ወዳጅ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ብራዚል ከ200 ሚሊዮን በላይ ሰው አለ፣ አናባቢውን ጥርት አድርገው ነው የሚናገሩት። የሰኔውን በዓልም ካምፒና ግራንዴና ካሩአሩ ሄዳችሁ እዩት።

የሸገር ልጅ፦ ጥርት? «ታርድ»ን ታርጂ፣ «ዲያ»ን ጂያ እያሉ?

የሪዮ ወዳጅ፦ ታዲያ «ጅ» የለንም? ለሐበሻ እንዲያውም እሱ ይቀላል።

መላሽ፦ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን ርዕሱ ይህ አይደለም። ብራዚል የሚሄድ ብራዚልኛውን ይማር። እኔ የማየው ከብራዚል የጀመረ ሊዝበን ሲደርስ ጆሮው ይዘጋል፤ ከሊዝበን የጀመረ ግን ብራዚል ላይ ብዙም አይቸገርም። ቃላቱንም አትቀላቅሉ። ባቡር በፖርቹጋል «ኮንቦዩ»፣ በብራዚል «ትሬን» ነው። «ረፐሪገ» ሊዝበን ውስጥ ልጃገረድ ነው፤ በብራዚል አንዳንድ ክፍል ስድብ ነው።

ተጓዥ፦ በሦስት ቀን ለምን አይቻልም? እኔ አራት ቀን አለኝ።

መላሽ፦ ለባለ ሻንጣ የመለስኩትን ከላይ አንብብ።

ወይዘሮ ሐረግ፦ ልጄ፣ እኔ በዕድሜዬ ገፍቻለሁ፣ ሽማግሌዎቹን ምን ብዬ ልጥራቸው? «ቮሴ» በሉ ብሎኛል ስልኩ ላይ ያለው አስተማሪ።

መላሽ፦ እትዬ፣ «ቮሴ»ን ይተዉት። በብራዚል የሠፈር ቃል ነው፤ በፖርቹጋል ግን ለማያውቁት ትልቅ ሰው ሲሉት ብዙዎችን ቅር ያሰኛል። እርስዎ ለማለት ሦስት መንገድ አለ። ለወንድ «ኡ ስኞር»፣ ለሴት «ኧ ስኞረ» ብለው ግሱን በሦስተኛ መደብ ያድርጉት፤ «ጌታዬ ይፈልጋሉ?» እንደ ማለት ነው። ስማቸውን ካወቁ ለሴቷ «ዶነ» ብለው ስሙን ይጨምሩ፤ «እትዬ እገሊት» እንደምንለው። ሦስተኛው ከሁሉም ይሻላል፦ ስሙንም ማዕረጉንም ትቶ ግሱን ብቻ በሦስተኛ መደብ መናገር። ማንም አይከፋም። «ቱ» ለልጆችና ለወዳጅ ነው፤ ሌላው ሲጀምርልዎ ይጀምራሉ። ሲያዝዙም «ኬሩ» (እፈልጋለሁ) አይበሉ፣ «ክሪኧ» ይበሉ፤ ፈልጌ ነበር እንደ ማለት።

ጾመኛው፦ ሰኔ እኮ የሐዋርያት ጾም ነው። ሰርዲኑን እንዴት ልናደርገው ነው?

የሸገር ልጅ፦ ዓሣ ምን አለበት?

ጾመኛው፦ የት ተጽፎ?

ጀማሪዋ፦ ፋሲካ ዘግይቶ ሲውል እኮ ጾሙም ይዘገያል፣ ሰኔ 5 ገና በዓለ ሃምሳ ሊሆን ይችላል።

መላሽ፦ ዓሣውን ለንስሐ አባቶቻችሁ። ከዓሣው ይልቅ የአሳማውን ነገር ማወቅ አለባችሁ። በበዓል ጠረጴዛ ላይ «ቢፈነ» የሚባለው ሳንድዊች አሳማ ነው። «ካልዱ ቬርድ» የተባለው የድንችና የጎመን ሾርባ ጾም ይመስላል፣ ላዩ ላይ ግን የአሳማ ቋሊማ ክብ ክብ ጣል ይደረግበታል። «ሰይን ሾሪሱ» በሉ፤ አብሮ ተቀቅሎ እንደሆነም ጠይቁ፣ ከላይ ማንሳት ብቻ አይበቃም።

የጎንደር ልጅ፦ ፖርቹጋሎች የፋሲልን ግንብ ሠርተውልናል፣ ዘመዶች ነን ብዬ ጨዋታ ብጀምርስ?

መላሽ፦ አትጀምር። ፋሲለደስ በ1632 (እ.ኤ.አ.) ነግሦ ኢየሱሳውያኑን፣ የካቶሊክ ሚስዮናውያኑን፣ ያባረረ ንጉሥ ነው። የግንቡን ክርክር ሌላ ቦታ። ጨዋታ መክፈቻ ከፈለግህ «ፕሬሽት ዥዋው» በል፤ አውሮፓውያን በአፈ ታሪክ የሚያወሩለት፣ በኋላም የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው ያሉት ክርስቲያን ንጉሥ ነው፤ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ያውቁታል። ፍራንሲሽኩ አልቫረሽ የተባለው ቄስ ከ1520 እስከ 1526 (እ.ኤ.አ.) በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን አገራችን ከርሞ መጽሐፉ በ1540 ሊዝበን ታትሟል። ሰሙ ወይ ብለህ ጠይቅና ዝም በል። ማውራት ያለባቸው እነሱ ናቸው።

ባለ ሻንጣ፦ የቪዛውን ነገር ግን…

መላሽ፦ አልመልስም ብያለሁ።

ጀማሪዋ፦ ቁጥር ይጠፋብኛል። ዋጋ ሲነግሩኝ ጣት አሳዩኝ እላለሁ።

መላሽ፦ የሚያጠፋሽ ስድሳና ሰባ ነው። «ስሴንተ» 60፣ «ስቴንተ» 70። ልዩነቱ አንዲት «ስ» እና «ት» ናት፤ ጫጫታ ውስጥ ይሄዱብሻል። መልሰሽ አንቺው በይው፦ «ስቴንተ፣ ስኞር?»። ካርታ ተማሪ። በኩሌቲቪዳዱ የሚጫወቱት «ስዌከ» ይባላል፤ አራት ሰው፣ ሁለት ለሁለት፣ 40 ካርታ፣ ለእያንዳንዱ 10። አስ 11 ነጥብ፣ ሰባት 10፣ ንጉሥ 4፣ ጄ 3፣ ንግሥት 2። ሰባት ንጉሥን ይበልጣል፣ ጄ ንግሥትን፤ እዚህ ላይ ነው ሁሉም የሚሳሳተው። ድምሩ 120፣ ለማሸነፍ 61 ነው። በጨዋታው መሀል ከአጋር ጋር ማውራት ክልክል ነው፤ ዙሩ እንዳለቀ ግን «ለምን ሰባቷን ጣልክ» የሚል ጭቅጭቅ ይነሣል። ቁጥር፣ ያለፈ ጊዜና ስድብ ሁሉ እዚያ አለ። ከጎን ተቀምጠሽ ነጥቡን ቆጣሪ ሁኚ።

የሳምንቱ ቀንስ? እሱ እንኳ የቤታችን ነው። ከእሑድ ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፦ ሰኞ «ስጉንደ» (ሁለተኛ)፣ ረቡዕ «ኳርተ» (አራተኛ)፣ ሐሙስ «ኪንተ» (አምስተኛ)። ሰኑይ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ከማለት በምን ይለያል? ማክሰኞ «ቴርሰ»፣ ዓርብ «ሰይሽተ» ብቻ ትጨምሪያለሽ። መጨረሻው ላይ ያለው «ፈይረ» በንግግር ይጣላል።

ተጓዥ፦ ስልክ ላይ ያለው መማሪያስ የትኛው ይሻላል?

መላሽ፦ ማንኛውም። መጀመሪያ ግን የብራዚሉን ይሁን የፖርቹጋሉን እይ።

ወይዘሮ ሐረግ፦ ለፈተናውስ?

መላሽ፦ የኤ2 (የጀማሪ) ደረጃው «ሲፕል» ይባላል፤ የሊዝበን ዩኒቨርሲቲ ማዕከል ነው የሚያዘጋጀው። የናሙና ፈተናውን ይሥሩ፣ ማዳመጡ ላይ ይበርቱ።

የሸገር ልጅ፦ ፖርቶስ?

መላሽ፦ ፖርቶ ለእኛ ምላስ ትመቻለች። በሰሜኑ «ቭ»ን «ብ» ይሉታል፤ ወይን «ቢኙ» ነው። ለሳው ዥዋው ሌሊት የፕላስቲክ መዶሻ ይዘው መንገደኛውን ራስ ራሱን ይመታሉ፤ ወይ በረጅም የሽንኩርት አበባ አፍንጫ ያስነካሉ። አትቆጣ፣ ይቅርታም አትጠይቅ፤ «ቦን ሳው ዥዋው!» ብለህ መልሰህ ምታ። እኩለ ሌሊት ላይ ርችቱ ከዶውሩ ወንዝ ይተኮሳል። ቢራ ሊዝበን «ኢንፕሪያል» ያልከው እዚያ «ፊኑ» ነው። ምግብ ቤት ስትገባ ሳታዝዝ የሚቀርብልህ ዳቦና ወይራ ነፃ አይደለም፤ ካልፈለግህ ሳትነካው መልሰው። «ዶዝ» (አንድ ሙሉ የምግብ ድርሻ) ብዙ ጊዜ ለሁለት ይበቃል፤ ብቻህን ከሆንክ «መየ ዶዝ» (ግማሽ) በል።

ጀማሪዋ፦ በሳንቱ አንቶኒዩ የሚሸጡት የበሶብላ ማሰሮ ላይ የተሰካችው ወረቀት ምንድን ናት?

መላሽ፦ በሶብላው «መንዥሪኩ» ይባላል፤ ወረቀቷ ላይ «ኳድረ» የሚሉት ባለ አራት ስንኝ ግጥም አለ። ሁለተኛውና አራተኛው ስንኝ ቤት ይመታሉ። ስለዚህ የመጨረሻው ክፍለ ቃል እንዴት እንደሚነበብ ከቤቱ ታውቂያለሽ፤ ሻጯን አስነብቢያትና በፊደል ገልብጪው። መዓዛውን ደግሞ አፍንጫሽን አስጠግተሽ አታሽትቺ፣ ይጠወልጋል ይላሉ። በመዳፍሽ ዳብሰሽ መዳፍሽን አሽትቺ።