ለሸዋ ሮቢት ማሳ ብርሃን አሳላፊ ሶላር ያዋጣል ወይ?

ወንድሜ፣ «ሸዋ ሮቢት ግማሽ ሄክታር የመስኖ ሽንኩርት አለኝ፤ የናፍጣው ወጪ አንገሸገሸኝ። ብርሃን በከፊል የሚያሳልፈውን ሶላር ከማሳው በላይ ብዘረጋ ውሃም እስብበታለሁ፣ ሰብሉንም ከፀሐይ ይከልልልኛል?» ብለሃል። እኔም እዚሁ ቆላ ውስጥ ከፓኔል ስር ቃሪያና ቲማቲም ስለማመርት ያየሁትን ልንገርህ።

ሽንኩርቱን ከፓኔል ስር አታስገባው። የሽንኩርቱ ራስ የሚሞላው ብርሃን ሲጠግብ ነው፤ ጥላ ከበዛበት ቀጭጮ ይቀራል። ጤፍና ማሽላም እንደዚያው ፀሐይ ይወዳሉ። ቃሪያ ግን ሌላ ነው። የሚያዝያና የግንቦትን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ አበባውን ያረግፈዋል፣ ፍሬውን ይለበልበዋል። ከጥላ ስር ያለው አበባውን ይዞ ይቆያል። አፈሩም ቶሎ ስለማይደርቅ ውሃ የማጠጣው እያራራቅሁ ነው።

ይሄ የእኔ ማሳ ነገር ብቻ አይደለም። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በረሃ ላይ ሞክረው እ.ኤ.አ. በ2019 ውጤቱን አሳትመዋል። ቺልቴፒን የሚባለው ትንሽ ሚጥሚጣ ከፓኔል ስር 3 እጥፍ አፈራ፣ ትንንሾቹ ቲማቲሞች 2 እጥፍ። ተክሉ የሚያወጣው እርጥበት ደግሞ ፓኔሎቹን በ9 ዲግሪ ገደማ አቀዘቀዘ። ፓኔል ሲግል ጉልበቱ ስለሚቀንስ ይሄ ለእኛ ቆላ ትልቅ ነገር ነው። ልብ በል፣ እዚያ የተሰቀሉት ብርሃን የማያሳልፉት ተራ ፓኔሎች ናቸው።

ብርሃን አሳላፊው ብዙውን ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ሴሎቹ በሁለት መስታወት መሃል ተራርቀው የተደረደሩበት ነው። በክፍተቱ ያለፈው ብርሃን ኤሌክትሪክ አልሆነም ማለት ነው። ስለዚህ ያንኑ ፓምፕ ለማንቀሳቀስ ሰፋ ያለ ፓኔል ትገዛለህ፤ የሚሸከመው ብረትም አብሮ ይጨምራል። ለችግኝ ቤት ጣሪያ እመርጠዋለሁ፣ ለሜዳ ማሳ ግን ተራውን ፓኔል አራርቀህ ብትሰቅል ይሻልሃል።

አሰቃቀሉ ላይ ግን አደራ! ረድፎቹን ከሰሜን ወደ ደቡብ ዘርጋቸው። እንዲህ ከሆነ ጥላው ከጠዋት እስከ ማታ እየተጓዘ ለሁሉም መደብ ይዳረሳል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ከዘረጋህ ግን አንዱ መደብ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ይውላል፣ ጎረቤቱ ይቃጠላል። ምሰሶውንም በሬ ጠምደህ የምትዞርበት ያህል ከፍ አድርገውና አራርቀው። ክረምት ላይ ከፓኔሉ ጠርዝ የሚወርደው ውሃ አፈሩን ይቦረቡረዋል፤ ከስሩ ቦይ አውጣለት፣ ወይም አሸንዳ አስረህ ሮቶ ሙላበት። አቧራውን በጠዋት እጠበው፤ ውሃው እዚያው ተክሉን ያጠጣል።

ማሳውን በሙሉ መሸፈንም አያስፈልግህም። ለፓምፑ የሚበቃውን ያህል ፓኔል ከዳር ስቀልና ስሩ ቃሪያ ትከል፣ ሽንኩርቱ ሜዳው ላይ ይቆይ። የጉድጓድህን ጥልቀትና የሞተርህን ጉልበት ጻፍልኝ፤ ስንት ፓኔል እንደሚያስፈልግህ አብረን እናሰላለን።