«ፒክ አፕ» ሲባል ምን ይነሳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባሕር ዳር ቱሪስት የማመላልስ ሹፌር ነኝ። ባለፈው አንድ እንግዳ ደውሎ «ፒክ ሚ አፕ» አለኝ። ይህን አውቀዋለሁ፣ ሄጄ ከሆቴሉ አነሳሁት። ወደ ጢስ ዓባይ ስንሄድ ግን አማርኛን ጎንደር ላይ «ፒክ አፕ» እንዳደረገ አጫወተኝ። ቆይቶ ደግሞ «ሥራችሁ በጥር ፒክ አፕ ያደርጋል?» ሲል ጠየቀኝ። አንድ ቃል እንዴት ሦስት ቦታ ይገባል?
ባለሚኒባሱ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህን በጣም ወደድኩት። ደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛ ሳስተምር ተማሪዎቼ የሚቸገሩት እዚሁ ላይ ነበር። «ፒክ» መልቀም፣ «አፕ» ወደ ላይ ብለው ለየብቻ ይተረጉሙታል። ከዚያ ትርጉሙ ይጠፋባቸዋል። ሁለቱ ሲገጥሙ ግን አንድ ግስ ናቸው። እኛም እኮ «ብድግ አደረገ» እንላለን። «ብድግ»ን ነጥሎ የሚተረጉም ማን አለ?

መነሻው አንድን ነገር ከመሬት ማንሳት ነው። ከዚያ ሰውን ወይም ዕቃን ካለበት ሄዶ መውሰድም ሆነ። ፒካፕ የምንላት መኪና ስሟ ከዚሁ ነው። እስከዚህ ድረስ የእኛ «ማንሳት» አብሮት ይሄዳል። ስልክም በሁለቱም ቋንቋ ይነሳል።

እንግዳህ አማርኛን «ፒክ አፕ» አደረግሁ ሲልህ፣ ክፍል ገብቼ አልተማርኩም ማለቱ ነው። ከሰው አፍ ለቃቅሞ ነው የያዘው። አንተም እንግሊዝኛህን ከእንግዶችህ እንዲሁ ሳታገኘው አልቀረህም። ጉንፋን ከሰው ሲጋባብህም ይኸው ቃል ያገለግላል።

ሦስተኛው፣ ቀዝቅዞ የነበረ ነገር ሲያንሰራራ ነው። በጥር፣ በጥምቀት ሰሞን ሥራ ይሟሟቃል ወይ ነው ያለህ። መኪናም እንዲሁ ነው። የዓባይን በረሃ ዳገት እያቃሰተ ይወጣል። ደጀንን አልፎ ወደ ሉማሜ ሜዳውን ሲያገኝ ይፈተለካል። ያኔ ፍጥነት «ፒክ አፕ» አደረገ ይባላል።

አደራ የምልህ ግን፣ «ማንሳት» ባልን ቁጥር እሱን እንዳታስገባ። ፎቶ ሲሆን «ቴክ»፣ በስብሰባ ላይ ጉዳይ ሲነሳ «ሬይዝ» ነው። አንድ ተማሪዬ ክርስትና ስላነሳው ሰው ሲጽፍ «ፒክ አፕ» ብሎ ነበር። ሲነበብ ሰውዬው ሕፃኑን ከመሬት ብድግ ያደረገው ነው የሚመስለው።

የቃላቱን ቦታም ያዝ። «ሚ»፣ «ሂም»፣ «ኢት» የግድ መሃል ይገባሉ። «ፒክ አፕ ሚ» አይባልም። ስም ከሆነ ግን ሁለቱም ያስኬዳል፤ «ፒክ ዘ ባግ አፕ» ወይም «ፒክ አፕ ዘ ባግ» በል።

ደግሞ እንግዳው «ፒክ ሚ አፕ አት ሲክስ» ካለህ፣ በእኛ 12 ሰዓት ነው። ጠዋት ይሁን ማታ ስልኩን ሳትዘጋ ጠይቀው።